ዱሻን ያስነጠሰበት ዜማ

ትራይኮ ጥሩምባ ነፊ ነው። አባቱም አያቱም ጥሩምባ ነፊዎች ነበሩ፤ በደቡብ ሰርቢያ፣ በነሱ መንደር፣ ጥሩምባ የማይነፋ ወንድ ቢገኝ ወይ ታሟል ወይ ከሌላ አገር የመጣ አማች ነው። ሠርግ ላይ ሲነፋ ደስ ያለው ሰው የዲናር ኖት ላብ ባረጠበው ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ከግንባር ውጭ የሙዚቃ ገቢ አለ ቢሉት በሳቅ ይፈርሳል።

ልጁ ቢልያና የተወለደች ዕለት ደስታ አላስቀምጥ ብሎት አንድ የክብ ጭፈራ ዜማ ፈጠረላት። አምስት ዓመቷ ላይ ዱሻን የሚባል ባለስቱዲዮ ያንን ዜማ በካሴት ቀዳው። ትራይኮም አንድ ጠቦትና ጥቂት ዲናር ተቀብሎ፣ ውሉን ሳያነብ ፈረመ። ታዲያ በቀረጻው መሃል ዱሻን አስነጠሰው። ትራይኮ ደንግጦ ዝም አለ፣ ወዲያው ደግሞ ቀጠለ። ማስነጠሱን ቆርጠው አወጡት፤ ዝምታው ግን ቀረ። ካሴቱ አገር ምድሩን አዳረሰው። እስከ ዛሬ እዚያች ቦታ ሲደረስ ባንዱ ሁሉ ጸጥ ይላል፣ ጨፋሪውም አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ይጠብቃል።

ትራይኮ ግን ከፈረመ ወዲህ ዜማውን አልነፋውም። አባቱ ፈረስም ይነግድ ነበርና «የሸጥከው ፈረስ ላይ አትውጣ» ብሎ አሳድጎታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዜማው በተጠየቀ ቁጥር ጥሩምባውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሌሎቹ ሲነፉ ይሰማል። እንዲህ ያለ ጨዋነት ከሞኝነት በምን እንደሚለይ እግዜር ይወቀው። ሚስቱ ሰቭዳ በበኩሏ «እኔ አልፈረምኩም!» ብላ ልጇን ያንኑ ዜማ እያንጎራጎረችላት አሳደገች።

ቢልያና ልታገባ ሳምንት ሲቀራት አባቷን ያዘችው።

«አባባ፣ ከቤት የምታወጣኝ በኔ ዜማ ነው።»

«ሌላ ጠይቂኝ፣ ነፍሴን ጠይቂኝ። የሰው ንብረት አልነካም።»

«የሰው? እንግዲያ እኔንም አብረህ ሸጠኸኛል!»

«በአንድ ጠቦት!» አለች ሰቭዳ ከጓዳ። «እሱንም ወንድሞቹ ናቸው የጨረሱት።»

ቢልያና አላለቀሰችም። ከሣጥን ውስጥ የድሮውን ውል መዘዘችና አባቷን እየጎተተች ከተማ፣ የሙዚቀኞች መብት ማኅበር ቢሮ ወሰደችው። ሠራተኛዋ መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አባቴ፣ እርስዎ የሸጡት ቅጂውን ነው።»

«እኮ፣ ዜማውን!»

«የለም። ካሴቱ ላይ ያለው ቅጂ የባለስቱዲዮው ነው፤ ያባዛዋል፣ ይሸጠዋል። ዜማው ግን የፈጠረው ሰው ንብረት ነው። ስለ ዜማው እዚህ አንድ ቃል አልተጻፈም።»

ትራይኮ ውሉን ተቀብሎ ገለባበጠው። ቢልያና ክንዱን ያዘችው።

«አባባ፣ ፈረሱን አልሸጥክም። የፈረሱን ፎቶ ነው የሸጥከው።»

ትራይኮ ወደ ሠራተኛዋ ዞሮ፣ «ዱሻን ያስነጠሰባት ዝምታስ?» ብሎ ጠየቀ።

ሴትዮዋ የማስነጠሱን ነገር ቢልያና ስታጫውታት ከት ብላ ሳቀች። «እሷ የካሴቱ ናት።»

«እሷንስ ዱሻን ይውሰዳት!» አለ ትራይኮ።

ያን ቀን ስሙ በዜማ ደራሲነት ተመዘገበ፤ ከእንግዲህ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር ድርሻው ይመጣል ተባለ። ሰቭዳ «ማን መጥቶ ግንባርህ ላይ ሊለጥፍልህ?» ብላ አፌዘችበት። ዱሻንም ሲነግሩት ወረቀቱን እሱም አንብቦት እንደማያውቅ እየሳቀ አመነ።

የሠርጉ ቀን ትራይኮ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ከንፈሩ ላይ አኖረ። ነፋ። ሰፈሩ እጅ ለእጅ ተያይዞ ክቡን ሠራ። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሁሉም እንደለመደው እግሩን አነሣ፤ ትራይኮ ግን ሳይቆም እየነፋ አለፋት። ሰዉ በሰዉ ላይ ወደቀ፣ አንደኛው ሚዜ ሰላጣው ላይ ተቀመጠ።

«ትራይኮ፣ ዜማውን አበላሸኸው እኮ!» ብሎ ጮኸ አንዱ ከመሬት።

ከዚያ ሁሉ ጨፋሪ ያልተደናቀፈች ሙሽራዋ ብቻ ናት፤ እናቷ ስታንጎራጉርላት ዜማው ዝምታ አልነበረውማ። በሳቅ በሚንከባለለው ሰው መሃል ቀሚሷን ሰብስባ ብቻዋን ትዞራለች። ትራይኮ እንባው በጉንጩ እየወረደ ከመጀመሪያው ጀመረላት።