የማይሸጠው የአሰብ ሲድር

አሰብ የሄድኩት ለቅጠል ነው። ለደንበኞቼም፣ የይለፍ ወረቀት ለጻፈልኝ የቀበሌ ሊቀመንበርም ያልኩት ይህንኑ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የውጭ ሻምፖ ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። ሴቶቹ በልብስ ሳሙና እየታጠቡ፣ ጸጉራቸው እየተነቀለ መርካቶ ወዳለችው ጸጉር ቤቴ ይመጣሉ። አንዲት የሹፌር ሚስት ባሏ ከአሰብ ያመጣላትን የሲድር ዱቄት ይዛ መጥታ በእሱ ካጠብኳት ወዲህ ግን ሌላ ወሬ የለም። «ቅጠሉ የለሽም እንዴ?» ሆነ ሰላምታቸው። ሲድር እኮ እኛ ወሎዎች ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ነው፤ ቅጠሉ ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲበጠበጥ አረፋ ያወጣል። ከሚሴም ሞልቷል ብላቸው ማን ሰምቶኝ! የአሰቡ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን አሉ።

እኔም አልተከራከርኩም። አሰብ ሌላ ጉዳይ ነበረኝ። ወንድሜ ሰይድ፣ በዚህ ምድር ላይ የቀረኝ አንድ የሥጋ ዘመድ፣ እዚያ ወደብ ላይ በጫኝና አውራጅነት ሲሠራ ታሞ ሞተ። የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ማን አጠበው? ማን ከፈነው? ወይስ ዘመድ የለውም ብለው እንዲያው አፈር መለሱበት? ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።

መንገድ ላይ

ጋሽ ተክሌ የሚባሉ የአሰብ መስመር ሹፌር ባለተሳቢ ፊያታቸው ጋቢና ውስጥ አስቀመጡኝ። ጣርማ በርን በብርድ አለፍን። ከሚሴ ስንደርስ ቁርቁራው መንገድ ዳር ተንዠርግጎ ቆሟል።

«ይኸውልሽ ቅጠልሽ! እዚሁ ሸምጥጠሽ አትመለሽም?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አሰብን ያላየ ቅጠል አዲስ አበባ ላይ ማን ያከብረዋል?»

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ኮምቦልቻ አድረን፣ ባቲን ወርደን ሚሌ ስንገባ ሙቀቱ ፊቴን ለበለበኝ። እዚያ የኬላው ወታደር የይለፍ ወረቀቴን አገላብጦ አየና «አሰብ ማን አለሽ?» አለኝ። «ማንም የለኝም» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ከበደኝ። ኤሊዳር ላይ ሹፌሮቹ ደጅ በተደረደሩት አልጋዎች ላይ ጋደም ብለው ይጨዋወታሉ፤ እኔ የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ከጫማዬ ውስጥ አሸዋ እያራገፍኩ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይና አቧራ ብቻ ነው፤ ቡሬን አልፈን ባሕሩ እስኪታይ ድረስ አረንጓዴ ነገር ናፈቀኝ።

አሰብ

የአሰብ ወበቅ ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቃል። አንድ የየመኖች ምግብ ቤት ውስጥ ለሁለት የተሰነጠቀ ዓሣ በጭቃ ምድጃ ጠብሰው ከሰፊ ቂጣ ጋር አቀረቡልኝ። ዋጋው ርካሽ፣ ዓሣው ግሩም፤ ግን ለሦስት ሰው የሚበቃውን ብቻዬን መጨረስ አቃተኝ። ወደብ በር ላይ ቆሜ የወንድሜን ስም እያነሳሁ ጠየቅኩ። «የኔ እህት፣ እዚህ ሰይድ የሚባል ስንቱ አለ! የዛሬውን እንጂ የትናንቱን ሰው ማን ያውቀዋል» አለኝ አንዱ፤ ወደ ሥራውም ሮጠ።

ተስፋ ቆርጬ ካምፖ ሱዳን ወደሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ሄድኩ። እማማ ፋጡማ የተባሉ አሮጊት በራቸው ላይ ሲድርና ሂና ይሸጣሉ።

«ያለኝ ግማሽ ጆንያ ነው» አሉኝ። «ዘንድሮ ምን ነካችሁ? ከላይ አገር የሚመጣው ሁሉ ሲድር፣ ሲድር! ዛፉም እኮ ሲመለጥ ያመዋል።»

መደርደሪያቸው ላይ አፉ ድረስ የሞላ የወተት ቆርቆሮ አየሁ። «እማማ፣ እሱንም ይጨምሩልኝ፤ ያሉትን እከፍላለሁ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «እሱ አይሸጥም። የጀናዛ ነው።»

ክው አልኩ። የእስላም ሬሳ በሲድር ውሃ እንደሚታጠብ እኔስ የእስላም ልጅ አይደለሁ? ገበያው አስረስቶኝ! እሳቸው ግን ቀስ ብለው አስረዱኝ፤ በወቀጡ ቁጥር የመጀመሪያው ጭብጥ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል። እዚህ ሙቀት ውስጥ ወገን የሌለው ሰው ሲሞት ከዚያ ይወጣለታል።

«የእኔም ወንድም እዚሁ ነው የሞተው» አልኳቸው። «ሰይድ ይባላል፤ የደሴ ልጅ።»

አተኩረው አዩኝ። «ጸጉር ትሠሪያለሽ?»

«አዎ።»

«ውይ ልጄ! ከሥራ ሲወጣ እዚህ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ‹እህቴ አዲስ አበባ ጸጉር ትሠራለች› ሳይለኝ አይሄድም ነበር። ጓደኞቹ ናቸው ያጠቡት። ሲድሩ ከዚሁ ቆርቆሮ ነው። እኔም በራፌ ላይ ቆሜ አልቅሼለታለሁ።»

እዚያው ደፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስታም ነበረበት። እማማ ፋጡማ ጀርባዬን ያሹኝ ነበር።

መመለሻ

ግማሽ ጆንያዬን ይዤ በሌላ መኪና ተመለስኩ። ጸጉር ቤቱን ስከፍት ሴቶቹ ተሰልፈው ጠበቁኝ። መጀመሪያ አንድ ጭብጥ ዘግኜ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኩና ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። ቅጠሉ ሳምንትም አልቆየ፤ አለቀ። ያቺ የሹፌር ሚስት ወደ ቆርቆሮው አንጋጠጠች።

«ያውና አለ አይደል? እሱን አውርጂልኝ።»

«አይሸጥም። ዘመድ ሳይኖረው ለሚሞት ሰው ነው።»

«ኧረ በስመአብ በይ! እዚህ ሰፈር ደግሞ ዘመድ የሌለው ማን አለ?»

ከጀርባዋ ቆሜ ጸጉሯን እያበጠርኩ ነበር፤ ቀና ስል መስተዋቱ ውስጥ ከራሴ ጋር ተያየን።