ተጠምዶ የተኛው ጨዋታ

...ያ አባቴ ከወረታ ገበያ የገዛው፣ ገና በመጀመሪያው ትልም ላይ የተኛው በሬ። ሻጩ ካላረሰ ገንዘቡን እመልሳለሁ ብሎ ዋስ ጠርቶ ስለነበር መለሰለት።

ዛሬ ትዝ ያለኝ በኮምፒውተሬ ከኢንተርኔት ሱቅ የእርሻ ጨዋታ ገዝቼ፣ ገና ከመከፈቱ ቀጥ ሲልብኝ ነው። ብሬን ውኃ በላው ብዬ ተጨነቅሁ።

ለገበያ የመጡት አጎቴ አያ አዱኛ ሳቁብኝ። "ሻጩ ዋስ አልጠራልህም?"

"ሻጩን መች አየሁትና፣ አያ!"

"አይ የተማረ! ተጠምዶ የተኛ ይመለሳል። ጠይቀው እንጂ!"

ለካ የሱቁም ደንብ እንዲሁ ነው፤ ብዙ ካልተጫወቱበት ገንዘቡን ይመልሳሉ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ "ተጠምዶ ተኛ" ብዬ ጻፍሁ። በእንግሊዝኛ እንዴት እንዳልሁት አትጠይቁኝ።

ምሳ ሳንበላ ብሬ ተመለሰ!

እናንተስ የገዛችሁትን ጨዋታ መልሳችሁ ታውቃላችሁ? እስቲ አጫውቱኝ።

አያ አዱኛ በሬ ሊገዙ ተነሡ።

"ዋስ ያስጠሩ!" አልኋቸው።

እየሳቁ ወጡ፤ በሩ ተዘጋ።