ገዳዩን ቀድማ ያወቀች

መቅደላዊት ከጎሬ ወደ ጋምቤላ የወረደችው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሥራ አግኝታ ነው። ተሳፋሪ ትመዘግባለች፣ ሻንጣ ትመዝናለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ግን ምኞቷ ደራሲ መሆን ነበር። ግጥሞቿን ለሬዲዮ ብትልክ፣ ለውድድር ብታስገባ፣ አንድም ቀን ስሟ ሲጠራ አልሰማችም።

በተከራየችበት ግቢ ጎረቤቷ ኛቹዎል ናት፤ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ በአስተርጓሚነት የምትሠራ የኑዌር ልጅ። አማርኛን የለመደችው ትምህርት ቤትና ገበያ ነው። አንድ እሑድ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «መቅዲ፣ ታሪክ ጽፌያለሁ። ፊደሉን አስተካክይልኝ፤ እንዳይስቁብኝ» አለቻት።

ታሪኩ እዚሁ ጋምቤላ የሚፈጸም ነው። ጨረቃ ስትሞላ ተኩላ የሚሆን ባለባጃጅ አለ፤ ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ፀሐይ ሸሽተው ቀን ቀን የሚተኙ ደም መጣጮች ይኖራሉ። ከሁለቱም ወገን አንድ በአንድ እየተገደሉ ባሮ ወንዝ ዳር ሲጣሉ፣ አንዲት መርማሪ ገዳዩን ታፈላልጋለች። መቅደላዊት በሆዷ ሳቀች። ጋምቤላ ውስጥ ተኩላ! ማን ሊያነበው? ቢሆንም ፊደሉን አረመችላት። ኛቹዎልም መጨረሻውን በጆሮዋ ነገረቻት፤ ገዳዩ ሁለቱንም ወገን የሚያክመው ደጉ ሐኪም ነው።

ታሪኩ በየቅዳሜው በቴሌግራም መውጣት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ሌላ ወሬ አጣ። ነርሶች በሥራ መሐል ይከራከሩበታል፤ ባለሱቋ ሀያቱ ስኳር እየመዘነች፣ «ተኩላዬን እንዳትገድልብኝ በያት» ትላለች። አንድ ተሳፋሪ መታወቂያውን እያቀበለ፣ «ከኛቹዎል ጋር አንድ ግቢ ነሽ አሉ፤ እውነት ነው?» ሲላት መቅደላዊት በጥርሷ ሳቀች እንጂ ውስጧ አረረ። ቋንቋው የእኔ፣ እርማቱ የእኔ፣ ስሙ የእሷ!

ከዚያ ወዲያ ምዕራፎቹን ስታርም ስህተት እያየች ማለፍ ጀመረች። ይስቁባታል ብላ ጠበቀች። አንባቢው ግን፣ «አቤት የእኛ የጋምቤላ አማርኛ!» እያለ ጭራሽ ወደደው። ይህን ጊዜ ቅናቱ ከአቅሟ በላይ ሆነ። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ስልኩን በሚያይበት ሰዓት፣ በሐሰት ስም ወደ አንባቢዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ገብታ «አትልፉ፤ ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ብላ ጻፈች።

ግሩፑ በስድብና በለቅሶ ተናወጠ። ኛቹዎል ግን አልጮኸችም። በማግስቱ ውኃ ስትቀዳ እንደ ወትሮው «እንዴት አደርሽ» አለቻት። የሚቀጥለውን ምዕራፍ ብቻ አላመጣችላትም።

መቅደላዊት እንደ ማንኛውም ሰው ቅዳሜን ጠበቀች። ሲወጣ፣ ሐኪሙ ሞቶ ተገኘ! በመጨረሻም ገዳይዋ መርማሪዋ ራሷ ሆነች፤ ተኩላነቷን ስትደብቅ የኖረች። መቅደላዊት «በክፉ ጽፋኝ ይሆናል» ብላ ከላይ እስከ ታች ራሷን ፈለገች። የትም የለችም። ይህም አንገበገባት፤ ለክፋት እንኳ አልታሰበችም።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ አሳታሚ ኛቹዎልን ወደ አዲስ አበባ ጠራት። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተሰልፋ የደረሰችው መቅደላዊት ፊት ነው።

«መስኮት አጠገብ ይሁንልሽ?»

«አዎ። ባሮን ከላይ አይቼው አላውቅም።»

መቅደላዊት የመሳፈሪያ ወረቀቱን ይዛ ቀረች። «ኛቹ፣ ያን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ካንቺ ሌላ ለማን ነገርኩ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ተናድጄ ነበር፣ በጣም። ከዚያ ሐኪሙን ስገድለው ንዴቱ ወጣልኝ። መጨረሻውም ተሻለ። ላንቺ ግን ከእንግዲህ አላሳይም።»

«ቀንቼብሽ ነው» አለች መቅደላዊት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁንም እቀናለሁ። ይኸው አሁን፣ ሻንጣሽን እየመዘንኩ።»

ኛቹዎል ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አነገተች። «እሱን እኔ ምን ላድርግልሽ?» አለችና ወረቀቷን ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ቀጥሎ የቆመው ሰውዬ ኛቹዎልን በዓይኑ ሸኝቶ፣ «ቀጣዩ ታሪኳ ስለ ምን ነው አሉ?» ሲል ጠየቃት።

«ለእኔ አትነግረኝም» አለች መቅደላዊት፣ ሻንጣውን ወደ ሚዛኑ እየሳበች።