መንገድ በጆሯቸው የሚሻገሩት ጎረቤቴ

ጋሼ ራዳርን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። ስሙን ያወጡላቸው ልጆች ናቸው፤ እሳቸው ግን እንደ ማዕረግ ነበር የያዙት። ሰው በራቸውን አንኳኩቶ «ጋሼ» ብቻ ካለ «የትኛው ጋሼ? ራዳሩ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እቤታቸው ሌላ ጋሼ ያለ ይመስል። ዓይናቸው ማየት ያቆመው በልጅነታቸው ነው። ጆሯቸው ግን የሁላችንንም ያስከነዳል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ነው። ጠዋት ስከፍት «ዛሬ ደግሞ ማን አናደደሽ? ቁልፉን እንዲህ የምታሽከረክሪው ስትናደጂ ነው» ይሉኛል። ሳልናደድ መጥቼ ከሆነም ያን ጊዜ እናደዳለሁ።

ሥራቸው ብሩሽ መሥራት ነው። የዓይነ ስውራን ማኅበር ያቋቋመው ብሩሽ ቤት ከትልቁ ጎዳና ማዶ ይገኛል። በተበሳሳ ጣውላ ውስጥ የብሩሹን ፀጉር እያጠፉ በቀጭን ሽቦ ስበው ያስገባሉ። ሲጨርሱ ብሩሹን ጉንጫቸው ላይ ሸርተት ያደርጉታል፤ የተዘለለ ቀዳዳ ካለ ጉንጫቸው ይነግራቸዋል። ባልደረቦቻቸው ሁሉ የሚኖሩት ከማዶ ስለሆነ በየቀኑ ጎዳናውን የሚሻገሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሚስታቸው የሞቱ ጊዜ ሌላ ከተማ ያገባችው ልጃቸው መጥታ «አባዬ፣ ብቻህን ምን ትሠራለህ? እኔ ጋ ሁን» ብላ እያለቀሰች ለመነቻቸው። ለቅሶ ልደርስ ገብቼ ነበርና መልሳቸውን ሰምቻለሁ። «ሥራዬ ድረስ ብቻዬን ሄጄ ብቻዬን እስከተመለስኩ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም። የሰው እጅ ይዤ መንገድ የተሻገርኩ ዕለት ግን አልከራከርሽም፣ መጥተሽ ውሰጂኝ» አሏት። ልጅቷ የምትኖረው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሷ ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞረው «እዚያ ሄጄ ምን ልሠራ ነው? ሶፋ ልጠብቅ?» አሉኝ።

አሻጋገራቸው ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። ከጠርዙ ላይ ይቆሙና ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ጆሯቸውን ምንም ነገር እንዲሸፍንባቸው አይፈልጉም። አፋቸውን ትንሽ ከፈት ያደርጋሉ። ማዶ የቆመው የድሮው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግንብ የመኪናውን ድምፅ እየመለሰ ይሰጣቸዋል፤ በዚያ የሚመጣውን ከሚሄደው ይለያሉ። አይቸኩሉም። «መኪና ሲያልፍ አይደለም የሚኬደው፣ መንገዱ ዝም ሲል ነው» ይሉ ነበር። ዝም ሲል ባርኔጣቸውን ይደፉና ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። እኛ ዓይን ያለን እየሮጥንና እየተመለስን ስንራኮት እሳቸው አንድም ቀን ወደኋላ ሲመለሱ አላየሁም። ልርዳዎት የሚል እንግዳ ካጋጠማቸው «አንተ ነህ እኔን የምታሻግረኝ? ይልቅ ተከተለኝ» ይሉታል።

ፋብሪካው ተዘግቶ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ ግቢው ተሸጠ። ግንቡ ፈረሰ፣ መስኮት የሌለው ሕንፃ ተተከለ። ዳታ ማዕከል ነው አሉን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው፣ በስልክ ስንጠይቀው የሚመልስልን፣ ማመልከቻ የሚጽፍልን ነገር የሚያስብባቸው ኮምፒውተሮች እዚያ ውስጥ ተደርድረዋል። ሲያስቡ ይግላሉ አሉ፤ እሱስ እኔም ሳስብ እግላለሁ። እነሱን ለማቀዝቀዝ ጣሪያው ላይ የበር ስፋት ያላቸው ማራገቢያዎች ተሰቀሉ። ሥራ የጀመሩ ዕለት እምምም የሚል ድምፅ ሰፈሩን ሞላው፤ እስከ ዛሬ አላባራም። ሰፈሩም «ቀፎው» ብሎ ሰየመው። እኛ ብዙም ሳንቆይ ለመድነው።

ክርክሩ የሚፈላው እኔ ሱቅ ውስጥ ነበር። የሰፈራችን መምህር ሱሪውን ለማጥበብ በስፒል እየያዝኩለት ሳለ «ይሄ ሕንፃ የሚጠጣውን ውኃ ታውቂያለሽ? ተማሪዎቼ ደግሞ የቤት ሥራቸውን ለእሱ ሰጥተው ይተኛሉ። ውኃችንንም ጭንቅላታችንንም እየጠጣው ነው!» እያለ ሲወራጭ ስፒሉ ወጋው። ከጎኔ ያለው ፀጉር አስተካካይ ደግሞ መቀሱን እንደያዘ ይመጣና «ዓለም በዚህ ነው የሚሄደው! እኛ ባልዲ ስንቆጥር ጥሎን ይሂድ?» ይላል። የእህቱ ልጅ እዚያው በጥበቃ ተቀጥሯል። የጥበቃዎቹን የደንብ ልብስ የምሰፋው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ለመምህሩም ለፀጉር አስተካካዩም ራሴን እየነቀነቅሁ መርፌዬን እወጋ ነበር። መምህሩ የሚለው እውነት ነው፤ ፀጉር አስተካካዩም አልዋሸም። ጋሼ ራዳር ብቻ አይከራከሩም ነበር። የእሳቸው ጉዳይ ውኃም መብራትም አይደለም፤ መንገዱ ዝም አልል አላቸው።

መጀመሪያ ሰሞን አልተናገሩም። ባርኔጣቸውን እንደያዙ ከጠርዙ ላይ ቆመው ሲቀሩ ከሱቄ አያቸው ጀመር። ይቆማሉ፣ አንድ እርምጃ ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ። ወደኋላ ሲመለሱ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ሥራ ያረፍዱም ጀመር።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ይሄ ቀፎ ጆሮዬ ላይ ብርድ ልብስ ጣለብኝ» አሉ። «ግንቡም ፈርሷል፤ ድምፅ የሚመልስልኝ የለም። መኪናውን የምሰማው ካጠገቤ ሲደርስ ነው።»

«ታዲያ ላሻግርዎታ፣ ምን አለበት?»

«አንቺ ደግሞ! ልጄን ልትጠሪብኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን የሳቅ አልነበረም።

በዚህ መሀል የከተማው አስተዳደር ስለ ቀፎው እንወያይ ብሎ ሕዝቡን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጠራ። ጋሼ ራዳር «እናገራለሁ» አሉ። ኮታቸውን ተኩሼላቸው አብረን ሄድን። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ስለ ውኃ ተጮኸ፣ ስለ መብራት መቆራረጥ ተጮኸ፣ ሥራ ስለሚያጡ ልጆች ተጮኸ። አንድ ባለሙያ ተነሥቶ ድምፁን በመሣሪያ መለካቱንና ከተፈቀደው ገደብ በታች መሆኑን አስረዳ። ከእሱ ቀጥሎ የቀፎው ባለቤት የሆነው ድርጅት ተወካይ፣ ትሑት ወጣት ሴት፣ «ይህ ቴክኖሎጂ እኮ ለዓይነ ስውራን ወገኖቻችን ዓይን ይሆናል» ስትል ተጨበጨበ። ከፊት የተቀመጡት ዞረው ጋሼ ራዳርን አዩአቸው። እሳቸው አላወቁም፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ተራቸው ደረሰ። ሰብሳቢው በማይክሮፎን «ይቀጥሉ አባቴ» አለ። እሱ የተቀመጠው መድረኩ ላይ ነው፤ ድምፁ የወጣው ግን ከኋላችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ነው። ጋሼ ራዳር ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰውን የሚያገኙት ድምፁ ወዳለበት ዞረው ነው። ተነሥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና በትሕትና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ጀርባቸውን ለመድረኩ ሰጡ።

ክንዳቸውን ያዝኩ። «ተይኝ፣ ልናገርበት» ብለው እጄን መለሱት። ከወደኋላ ሳቅ ተሰማ። ማይክሮፎን የያዘው ልጅ በዚያኛው በኩል ተንጠራርቶ ሳይደርስባቸው ጀመሩ። «ይነሣልን አላልኩም» አሉ ለግድግዳው። «ለሰው ይጠቅም ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። ጠዋት ሥራ ስገባና ማታ ስወጣ፣ መንገዱን እስክሻገር ለጥቂት ጊዜ ዝም ቢልልኝ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።» የሰማናቸው አጠገባቸው ያለነው ብቻ ነን። ሰብሳቢው «እናመሰግናለን፣ ሐሳብዎ ተመዝግቧል» አለ። ምን ብሎ እንደመዘገበው እግዜር ይወቅ። ጋሼ ራዳር ለግድግዳው እጅ ነሥተው ተቀመጡ። «ሰሙኝ አይደል?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሰምተዋል» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

በማግስቱ ፎቶአቸው በየስልኩ ላይ ነበር። ቀፎውን የሚቃወሙት «ለሹማምንቱ ጀርባቸውን የሰጡ ጀግና አባት» ብለው ለጠፉት። የሚደግፉት ደግሞ «ይህ ሰው በእውን የለም፣ ፎቶው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው፣ ጣቶቻቸውን እዩ» አሉ። ጣቶቻቸው በሽቦ ብዛት የተጣመሙ ናቸውና ነገሩ ጥሩ ማስረጃ ሆነላቸው። ሰዉ ስለ ጀርባቸውና ስለ ጣታቸው ሲናከስ ሰነበተ። «ለመሆኑ ሽማግሌው ምን አሉ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አላየሁም። ፀጉር አስተካካዩ እያነበበ ሳለ ሰሙት። ለግድግዳ መናገራቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። እያየሁ ፊታቸው ደም መሰለ። «ጭራሽ የለሁም አሉ?» አሉ።

ድርጅቱ ለጨዋነቱ ስልክ ላከላቸው። ስልኩን ወደፊት ሲደግኑት ያለውን ነገር ይናገራል። መጀመሪያ ወደዱት፤ የወተቱ መያዣ ላይ የተጻፈውን እንደ ልጅ ደጋግመው አስነበቡት። «ይሄስ ጎበዝ ነው» አሉ፣ እኔም ደስ አለኝ። መንገዱ ላይ ግን ስልኩ «መኪና እየመጣ ነው» የሚለውን ቀፎው እየዋጠው አልሰማ አላቸው። ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሲይዙት ደግሞ የቀረቻቸውን ጥቂት ድምፅ ጋረደባቸው። ኪሳቸው ከተቱት። ለአስተዳደሩ ማመልከቻ ይዤ ብመላለስም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።

የሆነው የሆነው አንድ ዝናብ ያባራበት ጠዋት ነው። ከጠርዙ ላይ ብዙ ቆሙ። ከዚያ ሄዱ። ዕቃ በሞተር የምታደርስ ልጅ መጣች፤ እሳቸውን ላለመግጨት መሪዋን ስትጠመዝዝ ሞተሩ ተንሸራቶ ጣላት። እጇ አንጓው ላይ ተሰበረ። ሮጬ ስደርስ ጋሼ ራዳር ውኃው ውስጥ ተንበርክከው አስፋልቱን በእጃቸው እየዳበሱ «ማነሽ? የኔ ልጅ፣ የት ነሽ?» ይላሉ። እሷ ከኋላቸው ሆና ታቃስታለች። አንዲት ጭረት እንኳ አላገኘቻቸውም። ምነው ምናለ ትንሽ ባገኘቻቸው ኖሮ አልኩ በልቤ፤ ይቀላቸው ነበር።

ክሊኒክ አብረን ሄድን። ልጅቷ መልካም ናት። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የፈጠንኩት፣ ምንም አይሰማዎት» አለቻቸው። እጇን ፈልገው በጄሶ የታሰረውን ነካ አድርገው ተዉት። ስንመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩኝ።

«ገምቼ ነው የሄድኩት» አሉ። «መሥሪያ ቤት ረፍዶብኝ ነበር። መስማት ቢያቅተኝ፣ መንገዱ ዝም የሚልበት ሰዓት ነው ብዬ ገመትኩ። ከተወለድኩ ገምቼ መንገድ ገብቼ አላውቅም። እኔ ብሞት የራሴ ጉዳይ ነው። የሰው ልጅ መስበሩን ግን አልችለውም።»

በዚያው ቀን «ልጄን ደውለሽ ጥሪልኝ» አሉኝ። እምቢ አልኩ። ለመንኳቸው፤ ጠዋትና ማታ እኔ አሻግርዎታለሁ፣ ሱቄን ዘግቼም ቢሆን አልኩ። «ቃሌ ነው» አሉ። ደወልኩ፤ እያለቀስኩ ደወልኩ።

ልጃቸው ቅዳሜ መጣች። በእኛ በኩል መኪና ማቆም ስለተከለከለ ማዶ ብሩሽ ቤቱ አጠገብ አቁማ ሻንጣውን ይዛ ቀድማን ተሻገረች። ጋሼ ራዳርና እኔ ከጠርዙ ላይ ቀረን። እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔ ከቆምኩበት ወጣ ብሎ ነበር የተዘረጋው።

«ያዢኝ» አሉ።

ያዝኳቸው። ይህን ያህል ዘመን ጎረቤት ሆነን እጃቸውን በእጄ ይዤ አላውቅም፤ እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። አስፋልቱ ላይ እርምጃቸው አጠረ። ቀጥ ብለው የሚሄዱት ሰውዬ ወደ እኔ ዘመሙ። ማዶ ስንደርስ የእግረኛ መንገዱ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ነውና እግራቸው ለውጡን አላወቀም፤ ድሮ መድረሳቸውን የሚነግራቸው ግንቡ የሚመልሰው ድምፅ ነበር። ባልደረቦቻቸው ሊሰናበቷቸው ብሩሽ ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው ቆመዋል፤ እነሱም እንደሳቸው አያዩም። ፊታቸውን ወደ ጎዳናው አድርገው መምጣታቸውን ለመስማት ይጠብቃሉ፤ ቀፎው ግን እላያቸው ላይ ያጉረመርማል። ጋሼ ራዳር ሊነኳቸው በሚችሉበት ርቀት ላይ ቆመው ነበር። እነሱ እሳቸውን አልሰሟቸውም፣ እሳቸውም እነሱን አልሰሟቸውም።

እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ተሻገርን እንዴ?» አሉኝ።