ልጅ ያዘለ ፕሬዝዳንት

የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዝዳንት ሆኜ የተመረጥኩት ስልክ ላናግር ከስብሰባው ወጣ ባልኩበት ቅጽበት ነው። ስመለስ ሁሉም ያጨበጭባል። ማን እንደተመረጠ ሳላውቅ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው። «ሌላ ፈቃደኛ ጠፋ እኮ» አለኝ አጠገቤ የተቀመጠው፣ እያዘነልኝ። ሊከፋኝ ሲገባ ደረቴን ነፋሁ።

ኮሌጃችን ሮቤ ውስጥ አንድ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ኮሌጅ ነው። ምድር ቤቱ የኮምባይነር መለዋወጫ ይሸጥበታል፣ ይጠገንበታልም። ላዩ ላይ እኛ አካውንቲንግ እንማራለን። የስንዴ አጨዳ ሲደርስ ከታች ብረት ሲቀጠቀጥ ይውላል። አስተማሪው ስለ ማሽን እርጅና እየጮኸ ያስረዳናል፣ ያረጀው ማሽን ደግሞ ከሥራችን ይመልስለታል።

የኮሌጁ ብሮሹር «የተሟላ የካምፓስ አገልግሎት» ይላል። ቤተ መጻሕፍቱ ቁልፉ ዘበኛው ኪስ ውስጥ የሚውል ቁም ሳጥን ነው። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሣጥን ናት፤ ውስጧ ፋሻና የዲኑ የሻይ ስኳር አለ። ላውንጅ የሚባለው ደረጃው ሥር ሻይና ጮርናቄ የሚሸጥበት አግዳሚ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የጣለን ሰዎች ስለነበርን ብዙ አንጠይቅም። ጓደኞቼ ከየዩኒቨርሲቲው ዶርም ፎቶ ይልኩልኛል፣ እኔ ጎባ ከእናቴ ቤት በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ቅናቴን ተዉት፣ ፎቶዎቹን እያጎላሁ ፍራሻቸውን ሳይቀር አይ ነበር።

ስለዚህ ሹመቱ ሲመጣ በዋዛ አልለቀውም አልኩ። ዲኑን ለምኜ፣ ለምኜ፣ የተሰበረ ወንበር የሚከማችባትን አንዲት ጠባብ ክፍል አስከፈትኩ። በሯ ላይ «የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ» ብዬ ለጠፍኩ። ከሥሩ የሥራ ሰዓት ጻፍኩ። ከዚያም ሥር «ሳያንኳኩ መግባት ክልክል ነው» ብዬ ጨመርኩ። ከአጎቴ ኮትና ክራቫት ተዋስኩ። ኮቱ እጄን እስከ ጣቶቼ ጫፍ ይሸፍናል፣ ሰው ስጨብጥ እጄን መፈለግ ነበረበት። ከዚያ ተቀምጬ የሚያንኳኳ ጠበቅኩ። ማንም አላንኳኳም። ሥራ ፈትቼ ላለመቀመጥ ለዲኑ የማቀርበው ንግግር ማዘጋጀት ጀመርኩ። «ክቡር ዲን» የሚለውን በጣም አሳምሬዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የምለው ጉዳይ ስላልነበረኝ አልገፋሁበትም።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ የክፍላችን አንደኛ ናት። ባለትዳር ነች፣ በዕድሜም ትበልጠኛለች። ጀርባዋ ላይ በነጠላ የታዘለ፣ ጥርስ በማብቀል ላይ ያለ ወንድ ልጅ አላት።

«ልግባ ፕሬዝዳንት?»

«ግቢ። ምን እንታዘዝ?» አልኩ። ብቻዬን እያለሁ «እንታዘዝ» ያልኩት እስካሁን ይገርመኛል።

«ልጄን የሚይዝልኝ አጣሁ። አማቴ ነበሩ የሚይዙልኝ፣ ብድሬ ከተማ ያለች ልጃቸው ወለደችና አራስ ሊጠብቁ ሄዱ። የኮስት አካውንቲንግ አስተማሪው ደግሞ ከሕፃን ጋር አላስተምርም ብሎኛል።»

«ባለቤትሽስ?»

«ደሎ መና መስመር ላይ ሹፌር ነው። መሪ ላይ አስቀምጦ ያሳድገው?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ትምህርቱን ልተወው ነው፣ ኦቦሌሳ። ከመተውሽ በፊት ቢሮውን ጠይቂ ስላሉኝ ነው የመጣሁት።»

ኦቦሌሳ ማለት ወንድሜ ማለቷ ነው። እንደ ወንድም ከመመለስ ይልቅ ክራቫቴን አስተካክዬ፣ «ጉዳይሽ ለኮሚቴ ይቀርባል» አልኳት።

ኮሚቴ የሚባል ነገር አልነበረም። በዚያው ቀን አቋቋምኩት። ላውንጁ ላይ ተቀምጠን፣ ጮርናቄ እየበላን በጉዳዩ በሰፊው ተወያየንና አጥኚ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም በሙሉ ድምፅ ወሰንን። ደስ ብሎኝ ወደ ጎባ ተሳፈርኩ።

እሷ ግን ንዑስ ኮሚቴውን አልጠበቀችም። ልጁን አዝላ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በመስኮት መማር ጀመረች። ኮሪደሩ አንድ ጎኑ ክፍት ነው፣ የሮቤ ነፋስ እንዳሻው ይገባል። ደብተሯን መስኮቱ ደፍ ላይ ታስደግፋለች፣ ልጁ እንዳይነቃ ትወዘወዛለች። ከውስጥ ስናያት ጭንቅላቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አስተማሪው ጥያቄ ሲጠይቅ እኛ ወንበር ላይ የተቀመጥነው ዝም እንላለን፣ መልሱ ከውጭ ይመጣል። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። ግን በፎቁ ላይ ባዶ የሆነችው ብቸኛ ክፍል የእኔ ቢሮ መሆኗ ጨርሶ አልታየኝም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኙ ውስጥ ነኝ፣ ወረቀቱ በሩ ላይ ነው።

አንድ ቀን ዝናቡ ኮሪደሩን አጥለቀለቀው። ሳታንኳኳ ገባች። ልጁን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ንግግሬ ላይ አጋደመችው።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ» ብላ ወጣች።

ተያየን። ክራቫቴን ያዘና አፉ ውስጥ ከተተው። ስነጥቀው እንዲያ ያለ ጩኸት ጮኸ፣ ከታች ብረት የሚቀጠቅጡት እንኳ ቆም አሉ። ሳቅሁለት፣ አጨበጨብኩለት፣ «ክቡር ዲን» አልኩት። ባሰበት። በመጨረሻ ኮቴን አውልቄ ልጁን ጠቀለልኩበትና ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለስኩ ደወሉን ጠበቅኩ። ተመልሳ ስታየን እሱም እኔም ልናለቅስ ደርሰን ነበር።

«እንዲህ በእጅ አይሆንም» አለች። «ማዘል አለብህ።»

በእኛ አገር ወንድ ስንዴ ይሸከማል እንጂ ልጅ አያዝልም። ይህንኑ ነገርኳት። «ደግሞ ፕሬዝዳንት ነኝ እኮ!» አልኩ።

«ጎንበስ በል» አለችኝ።

ጎንበስ አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ክፍል ትገባለች፣ እኔ አዝዬ ቢሮዬ እቀራለሁ። ኮስት አካውንቲንግ አመለጠኝ ማለት አልችልም፤ ክፍል ውስጥ ስኖርም ያው ያመልጠኝ ነበር። እንዲያውም ወደ ጎባ አብረን በሚኒባስ ስንመለስ ከደብተሯ ታስረዳኛለች፣ ከአስተማሪው ይልቅ እሷ ነች የገባችኝ። ችግሩ ምድር ቤት ያሉት መካኒኮች ነበሩ። ልጁን ለማባበል ደረጃው ላይ ብቅ ባልኩ ቁጥር «አካም ጅርታ፣ ሃደ ሙጫ!» እያሉ ይጮኹብኛል፣ እንደምን አለሽ የልጅ እናት እንደማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ጆሮዬ እስኪቀላ እናደድ ነበር። በኋላ ግን «ደኅና፣ እግዜር ይመስገን» እያልኩ መመለስ ለመድኩ።

የመጨረሻው ፈተና ሲቃረብ ዲኑ በሩን ከፈቱት። እሳቸው ማንኳኳት የለባቸውም። እኔ ልጁን አዝዬ እሹሩሩ እላለሁ፣ የአጎቴ ክራቫት ግማሹ የልጁ አፍ ውስጥ ነው።

«ይሄ ኮሌጅ ነው ወይስ የሕፃናት መዋያ?» አሉ። «ክፍሉ ዛሬውኑ ይለቀቅ። ሕፃን ይዞ የሚመጣ ተማሪም ቤቱ ይቀመጥ።»

ከኮሪደሩ ማዶ እሷ ለፈተናው የመከለሻ ትምህርት ላይ ተቀምጣለች። ዛሬ ክፍሉ ከተዘጋ ነገ እንደማትመጣ አውቃለሁ። ይሄው፣ ያ ሁሉ ጊዜ ያሳመርኩት ንግግር የሚያስፈልግበት ሰዓት ደረሰ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ክቡር ዲን» አልኩ። ልጁ ያን ጊዜ የጠባውን ወተት በሙሉ በኮሌታዬ አወረደልኝ። ወተቱ ወደ ወገቤ ሲወርድ ንግግሩም አብሮ ወረደ። አንድ ቃል አልቀረኝም።

«ቲቸር» አልኩ። «እሷ ከቀረች አንደኛ የሚወጣልን የለም። እኔ ብቀር ግን ኮሌጁ አይጎዳም፣ ውጤቴን ያውቁታል። እባክዎ፣ ካስፈለገ እኔን ያስወጡኝ።»

ዲኑ እኔን አዩ፣ ወተቱን አዩ፣ ልጁን አዩ። «ውጤትህንስ አውቀዋለሁ» አሉ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ሄዱ። በማግሥቱ ዘበኛው አሮጌ ፍራሽ ተሸክሞ መጣና «ዲኑ ናቸው የላኩት» ብሎ ጥሎልን ወጣ። ቀጥሎ በወጣው ብሮሹር ላይ «የሕፃናት ማቆያ» የሚል አገልግሎት ተጨምሮ አየሁ።

የምረቃው ዕለት እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጎረቤቶቿን ሰብስባ ከጎባ መጣች። የልጁ አባት ከደሎ መና ጭነት ይዞ መንገድ ላይ ዘግይቷል፣ አማቷም ከብድሬ አልተመለሱም። ልጁ አዳራሹ ሞቆት ማልቀስ ጀመረ። ስሟ ሊጠራ ነው፣ ዓይኖቿ እኔን ይፈልጋሉ። ምን ይደረጋል፣ ሳልጠየቅ ጎንበስ አልኩ። በጋውኔ ላይ አዘልኩትና ከአዳራሹ ጀርባ ይዤው ወጣሁ። ስሟ ሲጠራና ጭብጨባው ሲያስተጋባ በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ደስ አለኝ፣ ቆቤን አውልቄ ለልጁ ሰጠሁት።

ከዚያ በድምፅ ማጉያው የራሴን ስም ሰማሁ። እንደገና ጠሩኝ። ለመፍታት ጊዜ አልነበረም። ሮጬ ገባሁ፣ ልጅ እንዳዘልኩ መድረኩ ላይ ወጣሁ። አዳራሹ በሳቅ አበደ። እናቴ የጀመረችው እልልታ መሃል ላይ ቆመ። ፎቶ አንሺው በዚያች ቅጽበት አነሳን። ልጁ የቆቤን ገመድ እያኘከ ነው።

«የማን ልጅ ነው?» አለችኝ እናቴ ስወርድ።

«የቢሮዬ ነው፣ እማዬ።»

እስከ ጎባ አላናገረችኝም። ነገሩን ካስረዳኋት በኋላ ግን ፎቶውን ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «የእሱ አይደለም» ብላ ነው ወሬ የምትጀምረው።

የልጁ እናት ዛሬ ጎባ ባንክ ትሠራለች። ባለፈው ለጉዳይ ገብቼ ጠረጴዛዋ ላይ የምረቃ ፎቶዋን አየሁት። በአንድ እጇ ዋንጫ፣ በሌላው የዲኑን እጅ ይዛለች። ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ጀርባዋ ላይ ምንም የለም። ልጁ ያን ጊዜ የት እንደነበር ፎቶው አይናገርም፣ እኔ ግን አውቃለሁ።