የአርሚዶ ዙሪያ ጥምጥም

ቡና ቤቴ ያለው ከፒያንላርጎ የሚመጣው የእግር መንገድ መንደራችን ሮካፌራ በሚገባበት ጥግ ላይ ነው። ስለዚህ ተጓዡ ሁሉ ምሬቱን የሚያራግፈው እኔ ላይ ነው። ጫማው በግራጫ ጭቃ ተለብጦ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ይገባል። ወንበር ላይ ዘጭ ይላል። ከዚያ ካርታውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ ያፈጥብኛል።

«እመቤት፣ ይህን መንገድ ያወጣው ሰው ጤነኛ ነው?»

«በጣም ጤነኛ ነው። ያውልዎት፣ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነጭ ወይን የሚጠጣው» እላለሁ።

አርሚዶ ዛኔሊ ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ ሰላምታ ይሰጣል። ሰውየው ግን በቀላሉ አይለቀውም።

«ታዲያ ለምን ቀጥ ብሎ በጥቁሩ ድንጋይ ሥር አላለፈም? ካርታው ላይ እኮ ሜዳ ነው!»

«ከላይ ያለውን እይታ ብዬ ነው። አያምርም?» ይላል አርሚዶ።

«አላየሁትም። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር።»

እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ይቆጡ እንጂ አይሳሳቱም። ከፒያንላርጎ እስከ እኛ ድረስ ያለው የድሮው መንገድ ወደ ሮም የሚሄዱ ምዕመናን በእግራቸው ያለሰለሱት፣ በድንጋይ የተነጠፈ፣ ለሽማግሌ እንኳ የማይከብድ መንገድ ነው። አርሚዶ የቀባውን ቀይና ነጭ ምልክት የተከተለ ሰው ግን እኩሌታው ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፍና ዳገቱን ይያያዘዋል። መጀመሪያ የባሕር ቀንድ አውጣና ዛጎል የተቀበረበትን ቢጫ ድንጋይ ይወጣል። ባሕሩ ከኛ ኮረብታ ከሸሸ ስንት ዘመኑ ነው፣ ዛጎሉ ግን እስካሁን ጫማ ይበሳል። ከዚያ ጫፉ ላይ የድሮ ባላባቶች ከምዕመናኑ ቀረጥ ይሰበስቡበት የነበረው የፈረሰ ግንብ አለ። አርሚዶ እዚያ፣ ከግንቡ ጀርባ፣ በገዛ እጁ የሠራውን አግዳሚ ወንበር አስቀምጧል። ከግንቡ በኋላ ደግሞ ያ ጉደኛ የሸክላ ገደል ይመጣል፤ ሰው በቂጡ ካልሆነ አይወርደውም። ይህን ሁሉ በአንድ ስም ነው የምንጠራው፤ «የአርሚዶ ዙሪያ ጥምጥም» እንለዋለን።

አርሚዶ ጡረታ እስኪወጣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበር። የዚህ ሸለቆ ጎልማሳ ሁሉ በልጅነቱ «ተቀመጥ!» የሚለውን የአርሚዶ ጩኸት ሰምቷል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ሚስቱ ስትሞትበት መስኮቱን ዘግቶ ቤቱ ተቀመጠ። የዚያን ጊዜ ነው የፓርማ የተራራ ማኅበር አንድ ጣሳ ቀይ፣ አንድ ጣሳ ነጭ ቀለምና ብሩሽ ሰጥቶ መንገዱን ምልክት አድርግልን ያለው። ቀለሙ ከሐኪም የተሻለ ሆነለት። መስኮቱ ተከፈተ፤ ሰውየውም ወጣ። ቁጥቋጦ ይመነጥራል፣ የወደቀ ዛፍ ይጎትታል፣ ማታ ማታ እኔ ጋ መጥቶ «ዛሬ ሁለት ጀርመኖች አለፉ» ብሎ ያወራል። ደስታው እዚህ ግባ የማይባል ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ያንን የተዘጋ መስኮት ስላየሁ አልስቅበትም።

ጥምጥሙን ለምን እንዳወጣው ደግሞ ማንም አልጠየቀውም፤ ሁላችንም ጠርጥረናላ። በእኛ አገር ሰው ማንን እንደሚወድ ይነግርሃል፣ ማንን እንደሚጠላም ሳትጠይቀው ይነግርሃል። የእንጉዳይ ቦታውን ግን አይነግርህም። ካህኑም ኃጢአት እንጂ ቦታ ሰምተው አያውቁም። ቦታው የሚነገረው በሞት አልጋ ላይ፣ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። የአርሚዶ እናት አርጃ ደግሞ በዘመናቸው ከሁሉ በላይ ወፍራም ፖርቺኒ፣ ያን ውዱን የዱር እንጉዳይ፣ የሚያመጡ ሴት ነበሩ። እሳቸው ሲያርፉ ቅርጫቱ ወደ አርሚዶ እጅ እንደዞረ አየን። በመስከረም ጎህ ሲቀድ ከቤት ይወጣል፣ ሆን ብሎ በተቃራኒው በኩል ይሄዳል፣ ከዚያ ጫካ ውስጥ ይሰወራል። ተከትሎት የደረሰበት የለም።

እህቱ ኢልዴ ልብስ ሰፊ ናት። ባል አላገባችም፤ ስትጠየቅ «ልክ የሚሆነኝ አልተሰፋም» ትላለች። ከወንድሟ ቤት ፊት ለፊት ትኖራለች፤ በየቀኑ ይጣላሉ፣ በየቀኑም አብረው ይበላሉ። እሷም በየመስከረሙ እንጉዳይ አይጠፋባትም። ከየት አመጣሽ ስትባል ግን «ከመኪናው ገዛሁ» ነው መልሷ። ሐሙስ ሐሙስ ከባሕሩ ወገን ዓሣና አትክልት ጭኖ የሚመጣውን መኪና ማለቷ ነው። አርሚዶ ይህን በሰማ ቁጥር ቡና ቤቱ ሙሉ እስኪሰማ ድረስ ያሾፍባት ነበር።

«የአርጃ ልጅ እንጉዳይ ከመኪና ገዛች! እማዬ ብትሰማ ኖሮ ሁለተኛ ትሞት ነበር!»

ኢልዴ ቀልታ ምላሷን ትውጣለች። ምላሷን ልትውጥ የማትችል ሴት ስለሆነች ነገሩ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። አርሚዶ ቢያሾፍም ከለቀመው ላይ እፍኝ እፍኝ ደጃፏ ላይ ያስቀምጥላታል፤ «እናታችን ለእሷ ሳትነግራት መሞቷ አንጀቴን ይበላኛል» ብሎኛል አንድ ቀን። እሷ ደግሞ በገና በዘይት የዘፈዘፈችውን እንጉዳይ በጠርሙስ ትሰጠዋለች። እሱም «የመኪና ዕቃ» እያለ ጠርሙሱን በዳቦ ይጠርገዋል።

እሷ አፏን የምትከፍተው በጥምጥሙ ላይ ነው። መንገዱ በወጣ በመጀመሪያው ዓመት ለከንቲባው አቤት አለች። ለጥንታዊ ነገር ደንታ ኖሯት የማታውቅ ሴት «ያ ግንብ ቅርስ ነው፣ ሰው እየረገጠ አፈረሰው፤ መንገዱ በጥቁሩ ድንጋይ ሥር ይለፍ» ብላ ተከራከረች። ከንቲባው አልሰማ ሲላት በሰሌዳ ላይ «እባብ አለ!» ብላ ጽፋ ግንቡ ላይ ሰቀለች። ሕዝቡ እባቡን ፎቶ ለማንሳት ብሎ ጭራሽ በዛ።

«ቦታዬን ልታገኝ ነው፣» ይለኛል አርሚዶ በሹክሹክታ። «መንገዱ በጥቁሩ ድንጋይ ሥር ካለፈ እየተንጎራደደች ልትፈልግ ነው። አውቃታለሁ!»

እንዲህ ስንባባል መጋቢት ገባና ዝናቡ ወረደ። የሸክላው ገደል እንደ ቀጠነ ሊጥ ሸለቆው ውስጥ ፈሰሰ። ምልክት የተቀባባቸው ድንጋዮች፣ አርሚዶ የተከላቸው የእንጨት መወጣጫዎች፣ ሁሉም አብረው ወረዱ። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም።

በሳምንቱ ሳቢና የምትባል ወጣት ከማኅበሩ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፤ አርሚዶንም ታከብረዋለች። እኔው ቡና ቤት ቁጭ ብላ ቁርጡን ነገረችው።

«አቶ አርሚዶ፣ በዚያ ገደል ሰው ልንሰድ አንችልም። ወይ ሌላ መሻገሪያ ቀብተው ያሳዩናል፣ ወይ መንገዱን ከአዲሱ ካርታ እናወጣዋለን። ካርታው ከፋሲካ በኋላ ይታተማል።»

«ሌላ መሻገሪያ የለም።»

«በጥቁሩ ድንጋይ ሥርስ?»

ኢልዴ ቡናዋን አስቀምጣ ብድግ አለች። «አፍሽ ይባረክ! እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ምን ስል ኖርኩ? በድንጋዩ ሥር ይለፍና ግንቡም እኛም እንረፍ!»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ አርሚዶ።

«አልተጠየቅኩም። በነጻ ነው የምናገረው።»

«በነጻ ነው? በነጻ እንዳልሆነ እኔና አንቺ እናውቃለን!»

ኢልዴ ደነገጠች። ያን ጊዜ ለምን እንደደነገጠች አልገባኝም። አርሚዶ ባርኔጣውን አንስቶ ወይኑን ሳይጨርስ ወጣ።

ከዚያ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። ቤቱ ስሄድ የመስኮቱ መዝጊያ ገጥሟል። የባቄላ ሾርባ ይዤ ተመልሼ በሩን እስኪከፍት ደበደብኩት። ጢሙን አልተላጨም።

«ምን መሰለሽ ኔሪና፣» አለኝ፤ «መንገዱ ከሌለ እኔ ጠዋት ለምን እነሣለሁ? መንገዱን ላድን ብል ደግሞ እናቴ በአደራ የሰጠችኝን ለዓለም ሕዝብ ልገልጥ ነው። የትኛውን ልቅበር?»

«እኔ የእንጉዳይም የካርታም አዋቂ አይደለሁም፣» አልኩት። ቆሽቴ አርሮ ነበር። «የማውቀው ይህን መስኮት ነው። እናትህ እንዲህ ተዘግቶ ቢያዩት ምን ይሉ ነበር?»

ሾርባውን ሳብ አድርጎ በላ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተላጭቶ፣ ሁለቱን የቀለም ጣሳዎች ይዞ መጣ። እህቱን በድንጋዩ ሥር ሊወስዳት እንደሚፈልግ ነገራት። ኢልዴ «ኔሪና ከሌለች አልሄድም፣ መንገድ ላይ እገፈትረውና ሰው ይታዘበኛል» አለች። እኔም ቡና ቤቱን ዘግቼ ተከተልኳቸው።

ጥቁሩ ድንጋይ ከሩቅ ይታያል፤ ጥቁርና አረንጓዴ፣ ገላው እንደ እባብ ቆዳ የሚያብረቀርቅ፣ ሣር እንኳ የማያበቅል ግዙፍ ቋጥኝ ነው። ከሥሩ ደግሞ ፍሬውን በብርዱ ወራት ጠብሰን የምንበላው የካስታኛ ዛፍ ጫካ አለ። አርሚዶ ከትልቁ ካስታኛ ሥር ሲደርስ ጣሳዎቹን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኢልዴ፣ ይኸውልሽ። የእማዬ ቦታ ይህ ነው። ከዚህ ዛፍ እስከዚያ ምንጭ ድረስ። ምልክት ከቀባሁ ማንም ያልፍበታል፤ ከሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግኩም።»

ኢልዴ ዙሪያውን አየች። «ይህ ነው?»

«ይህ ነው። እንዳትቀየሚኝ። አምላኬን፣ ስንት ጊዜ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«እማዬ ምን ብላ ነው የነገረችህ?»

«ልትሞት ሰሞን አልጋዋ አጠገብ ጠራችኝ። ‹ከአንተ ሌላ የማምነው የለም። ለእህትህ እንዳትነግራት፤ ልብስ ሊሰፋ ለመጣ ሁሉ ታወራዋለች› አለችኝ።»

ኢልዴ እዚያው ቅጠሉ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አርሚዶ ተንበረከከ፤ ይቅርታ ይላል፣ እናቱን ይወቅሳል፣ ራሱን ይወቅሳል። እጇን ገለጥ ስታደርግ ግን እንባዋ እየወረደ የምትስቀው ሳቅ ትንፋሽ አሳጥቷታል።

«እኔንስ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ‹ከአንቺ ሌላ የማምነው የለም። ለወንድምሽ እንዳትነግሪው፤ አውቶቡሱን ሙሉ ልጅ ጭኖ ይሄድበታል!›»

አርሚዶ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይህንን ቦታ?»

«ይህንንማ ዛሬ ገና አወቅኩት። የእኔ ያ ነው።» ጣቷን ወደ ላይ፣ ወደ ኮረብታው ጫፍ ቀሰረች።

«ግንቡ ጋ?»

«ከግንቡ ጀርባ። ወንበር ያስቀመጥክበት!»

አርሚዶ ወደ ግንቡ ቀና አለ። ወደዚያ የሚወጡትን ምልክቶቹን፣ በገዛ እጁ የቀባቸውን፣ አንድ በአንድ ሲቆጥር ይመስል ነበር። የራሱን ቦታ ሊሸሽግ ብሎ የዓለምን እግረኛ ሁሉ እህቱ ቦታ ላይ ዳቦ አስበልቷል።

«ለምን አልተናገርሽም?»

«እንዴት ብዬ? ምያለሁ እኮ።»

«‹ከመኪና ገዛች› እያልኩ አገር ፊት ሳዋርድሽ እንኳን?»

«በተለይ ያን ጊዜ አንቄ ልገድልህ ነበር።» እንባዋን ጠረገች። «ግን ደግሞ አሳዘንከኝ። እናታችን እኔን መርጣ አንተን የዘለለችህ መስሎኝ ነበር። ቅርጫትህንማ አያለሁ፤ በዕድል ያገኘኸው ነው እላለሁ። ለዚህ ነው በገና ጠርሙስ የምሰጥህ፤ የእናትህን እንጉዳይ ሳትቀምስ እንዳትቀር።»

«እኔም ደጃፍሽ ላይ የማስቀምጠው ለዚሁ ነበር» አለ አርሚዶ።

ተቃቀፉ። እኔም ዛፉን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ለማንም ስለማልደብቀው እዚህም አልደብቀውም። አርጃን አውቃቸው ነበር። ሁለት ልጅ ነበራቸው፣ አንዱንም ቅር ማሰኘት አልፈለጉም።

«እንግዲህ ይህን ቦታ ልትሰጥ ነው?» አለች ኢልዴ ከእቅፉ ወጥታ። «ተወው፣ ካርታው ይቅር።»

«አይቀርም። መንገዱ ይለፍበት።» ብሩሹን ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሮ ሰጣት። «ያዢ፤ የመጀመሪያውን አንቺ ቀቢ።»

ቀባች። ጠማማ ሆነ። «ስፌት አይደለም እኮ፣ ድፈሪው!» ብሎ ጮኸባት፤ ልክ አውቶቡሱ ውስጥ እንደሚጮኸው። ስንመለስ ደግሞ ወንበሩን ነገ ከግንቡ ጀርባ እንደሚነቅለው ነገራት።

«አትንቀለው፣» አለች ኢልዴ። «ሁለት ሰው ይይዛል።»

ካርታው ከነመንገዱ ታተመ። አሁን ተጓዦች ጫማቸው ደርቆ፣ ፊታቸው ፈክቶ ይገባሉ፤ ስለ ጥቁሩ ድንጋይ እያወሩ ቡናም ኬክም ያዛሉ። አርሚዶ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ምስጋናውን ይቀበላል፤ ጥምጥሙን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አይመስልም።

በመስከረም አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወንድምና እህት አንድ ቅርጫት በሁለት ጆሮው ይዘው ገቡ። ፖርቺኒው እስከ አፉ ሞልቷል፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። ቡና ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወሬውን አቋረጠ።

«ይህን ሁሉ ከየት አመጣችሁት?» አልኩ፣ ሥራዬ ነውና።

ኢልዴ አፏን ልትከፍት ስትል አርሚዶ ቀደማት። ያ በእህቱ ሲያሾፍ የኖረው ኩሩ ሰው ባርኔጣውን አወለቀና ቡና ቤቱ ሙሉ እስኪሰማው ድረስ ተናገረ፦

«ከመኪናው ገዛነው።»