አፏ የተፋቀው ሥዕል

ሥዕል መሰብሰብ የጀመርኩት ቀየት ከተማ፣ ገበያው ውስጥ ነው። ቅመም የምትሸጠው ሴት በአሮጌ መጽሔት ትጠቀልልልኝ ነበር። ሽፋኑ ላይ በእጅ የተሣለ ሰው ካየሁ "ይቺን አትቅደጅብኝ" እላታለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ውስጡን እምብዛም አላነብም። ሽፋኑን ግን ዳር ዳሩን በምላጭ አስተካክዬ፣ ካርቶን ላይ ለጥፌ፣ ላስቲክ አልብሼ፣ ወረቀቱ እንዳይቀደድ ከምስማሩ ሥር ቆርኪ አድርጌ እሰቅላለሁ። ባለቤቴ "በዚህ ቤት ከእኔ በቀር ያልተሰቀለ የለም" እያለ ይስቃል።

ከሁሉም የምወዳት ነጠላ የተከናነበችውን፣ ከንፈረ ቀይዋን ሴት ነበር። ለእሷ ላስቲክ አለቀብኝ። ከበሩ የሚገባው ፀሐይ ቀለሟን እንዳይበላው በአሮጌ ሻሽ ጋረድኳት።

በዚያው ሰሞን አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከሚኖሩበት ከራቤል መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። ዓይናቸው ደክሟል። የእኔ ጭንቀት ግን ልጄ ነበረች። አራት ዓመት ልትደፍን ነው፤ አፏን አልፈታችም። ጤና ጣቢያ "ጆሮዋ ደኅና ነው፣ ጠብቂ" አሉኝ። ጠበልም አስጠምቄያታለሁ።

አንድ ጠዋት ከጓሮ ስገባ አማቴ ሻሹን ገልጠው ሥዕሏን ይሳለማሉ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተጋርዳ ስላገኟት እመቤታችን መስላቸዋለች።

"እናቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ዝም በይ! ስለቴን እየነገርኳት ነው። ይህች ልጅ አፏን ከፈታች ጥላ አገባለሁ ብያለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከመጣሁ ጀምሮ ነዋ! ሥዕል ሰቅለሽ የማትሳለሚ፣ አንቺ ደግሞ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነሽ?"

እውነቱን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አሳፈረኝ።

እሳቸው ሲወጡ ሻሹን ገለጥኩት። አሮጌ ወረቀት እርጥበት አይችልም፤ በመሳለም ብዛት ከንፈሯ ተፍቆ ሄዷል። ከአፍንጫዋ በታች ባዶ ነው። ዓይኖቿ ግን እንደነበሩ ናቸው።

"አፍ የላትም" አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ዞር ስል ልጄ ናት። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። አልተኮላተፈችም፤ ብዙ ዘመን ስታወራ የኖረች ትመስል ነበር። አማቴ ከደጅ እልል አሉ። እኔ ግን ሥዕሏን መልሼ በሻሹ ጋረድኳት።

ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ስለቱ የእመቤታችን ነው፣ ጥላው ይግባ። ያን ወረቀት ግን አንሺው" አሉኝ።

ጥላው ገባ። ወረቀቷን ላነሣ ምስማሩን ስይዝ፣ ስትለፈልፍ የነበረችው ልጄ ቃሏን ከመሐል አቋርጣ ዝም አለች። እጄን ስመልስ ካቆመችበት ቀጠለች። አጋጣሚ ይሆናል። ሁለተኛ ግን አልሞከርኩም።

ለነፍስ አባቴ "አንሥቼዋለሁ" ብዬ ዋሽቻለሁ። አማቴ አሁንም ይሳለማሉ። እኔ ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ ልጄን "እንዴት አደርሽ?" እላታለሁ። መልሷን እስክሰማ ድረስ ወደዚያ ግድግዳ አላይም።